ከጊዮርጊስ ቅጥር እስከ ዘጌ ደን፦ የባሕር ዳር የጉዞ ማስታወሻ

ጥር 20፣ ከደሴ እስከ ዓባይ ድልድይ

ባሕር ዳርን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ጢስ ዓባይ ፏፏቴና በሞተር ጀልባ ስለ ደረሰባቸው ገዳማት ነው። አሮጌው ሰፈር፣ ማለትም የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የጀልባው ወደብ፣ የታንኳ ሠሪዎቹ መንደርና የቅዳሜ ገበያው፣ ወደ ሌላ ቦታ ሲኬድ የሚታለፍ መንገድ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ይህን ጉዞ ያሰብሁት ለዚሁ ሰፈር ብዬ ነው። ጥር 2012ን የመረጥሁትም በ23 የሚውለው የጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል በዚያ ወር ከቅዳሜ ገበያ ጋር ስለ ገጠመልኝ ነው።

ከደሴ መናኸሪያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን፤ ትኬቱ 240 ብር ነበር። እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ የወሎ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው አላነሣውም። ከወልድያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ የድልብን ዳገት እየተጠማዘዘ የሚወጣው፣ ሰዉ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው መንገድ ግን ለብቻው ሊጻፍለት የሚገባ ነው። ጋሸና ላይ ወርደን ቡና ጠጣን። ብርዱ ከደሴም የባሰ ነበር። ዋድላ ከዚያ ብዙ አይርቅም። በቅኔ የታወቁት ቤቶች ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ናቸው፤ ዋድላ የወሎ ነው፣ ጎንጅና ዋሸራ የጎጃም ናቸው። ስለዚህ መንገዱ ከአንዱ የቅኔ አገር ወደ ሌላው የሚወስድ መንገድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ መሪጌታም ይህንኑ እየነገሩኝ ደብረ ታቦር ድረስ አብረን ተጓዝን።

ነፋስ መውጫን አልፈን ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ስንቃረብ የአውቶቡሱ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ሲወርድ ነፋስ የለውም። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከሚደርሰው የጉና ጫፍ የሚወርደው ነፋስ ጋቢ አልፎ ይሰማል። ከደብረ ታቦር የሚመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ በራሱ መንፊያ ጎማውን እስኪነፋልን ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆየን። በዚህ መካከል የአካባቢው ልጆች ትኩስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይዘው መጡ፤ አራት ድንች 5 ብር ነበር። በዚያ ብርድ ከዚህ የሚሻል ምግብ አልነበረም።

ወረታ ስንደርስ አየሩ ተለወጠ። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ታጭዶ ጭዱ በየማሳው ተከምሯል። እዚህ አገር ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገራል፤ ምሳ በበላንበት ቤት የቀረበልን እንጀራ ነጣ ብሎ ለስላሳ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ዓባይ ድልድይ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር። ረዳቱ ድልድዩ ላይ ፎቶ ማንሣት ክልክል መሆኑን አስታወቀን፤ አውቶቡሱም በእርጋታ ተሻገረ።

ያረፍሁት በዩኒቨርሲቲ አብራኝ በአንድ ክፍል የኖረች ጓደኛዬ እናት ቤት፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ ነው። እኒህን እናት «እማማ» ስል ለዓመታት በስልክ ብቻ ነበር የማውቃቸው። በር ላይ ተቀብለው ከሳሙኝ በኋላ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ ሙቅ ውኃ በሳፋ አስመጡና «ነይ ልጄ፣ መጀመሪያ እግርሽን ታጠቢ፤ ወሬው ይደርሳል» አሉኝ። ዕለቱ ረቡዕ ስለ ነበር ራቱ የጾም ነው፦ ሽሮ፣ ጎመንና የተልባ ፍትፍት።

ጥር 21፣ ደብረ ማርያምና ወደቡ

የአስተርዮ ማርያም ዕለት ስለ ነበር እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ገና ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሱኝ። ደብረ ማርያም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ አጠገብ ያለች ደሴት ናት። ከባሕር ዳር ዳርቻ በጀልባ ለመሻገር በነፍስ ወከፍ 10 ብር ከፈልን። ጀልባው ነጭ በለበሱ ሰዎች ስለ ሞላ ልጆች በእናቶቻቸው ጭን ተቀመጡ፤ ከጎናችን በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል (ፓፒረስ) በተሠራ ታንኳ የሚሻገሩም ነበሩ። ደሴቷ ስንደርስ ማኅሌቱ ወደ ፍጻሜው ተቃርቦ፣ የከበሮውና የጽናጽሉ ድምፅ ከዛፎቹ ውስጥ እስከ ውኃው ዳር ይሰማ ነበር።

እኔ ሐይቅን አይቼ ያደግሁ ነኝ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ታላቅ ስፍራ ቢሆንም ሴት ስለማይገባበት ሁልጊዜ ከሩቅ የምስመው ገዳም ነበር። ደብረ ማርያም ግን ሴቶች ከወንዶች እኩል ገብተው ያስቀድሳሉ። ሁለቱ ሐይቆችም በጠባያቸው አይመሳሰሉም። የእኛው ሐይቅ ትንሽ ሆኖ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ጣና ደግሞ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የጣና ውኃ ደፍርሶ ቡናማ የሚመስለውም፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ወዲያው የሚናወጠውም በዚህ የተነሣ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ አንድ አዛውንት ወደ ደሴቷ ጫፍ ወስደው ዓባይ የሚወጣበትን አሳዩኝ። ጮኾ የሚወርድ ውኃ የጠበቀ ሰው ግራ ይጋባል፤ የሚታየው የደንገሉ ጫፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበሉ ብቻ ነው። አዛውንቱ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ከጣና ውኃ ጋር ሳይቀላቀል መሐሉን ሰንጥቆ እዚህ ይወጣል የሚለውን የአገሩን ትውፊት ነገሩኝ። ይህን የሚናገር ሰው ወንዙን እንደሚያውቀው ዘመድ አድርጎ ያወራል፤ እኔም አልተከራከርሁም።

ከሰዓት በኋላ ወደቡ ላይ ዋልሁ። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱ ጀልባዎች የሚነሡት ከዚህ ነው። ሐይቁ ለዚህ ከተማ ዳርቻው ብቻ አይደለም፤ ዋና መንገዱ ነበር። እንጨቱ፣ ቡናው፣ ጌሾውና ሰዉ የሚመጣው በውኃ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም ገበያውም በዚህ ዳርቻ አቅራቢያ የተተከሉት ለዚህ ይመስለኛል። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ከዚያ በኋላ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመን ባለሙያዎች በተነደፈ ፕላን የመጡ ናቸው። ውብ ናቸው፤ ሜዳ ስለ ሆኑም ሴት ወንዱ፣ ሽማግሌው ሳይቀር በብስክሌት ይሄድባቸዋል። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ለሆነበት የደሴ ሰው ይህን ማየት ያስቀናል።

ምሳዬን ዓሣ በላሁ። ከሐይቁ የሚወጣው በዋናነት ቆረሶ፣ አምባዛና የነጭ ዓሣ ወገን ነው። ሙሉ ቆረሶ ተጠብሶ በዳጣና በሎሚ 90 ብር አስከፈሉኝ፤ ጎረቤቴ የተቀመጠው ሰው ያዘዘው የዓሣ ዱለት 70 ብር ነበር። ዓሣውን ቆርጦ ያቀረበልኝ ሰው ራሱ አስጋሪ የነበረ ነው። በድሮው ጊዜ በታንኳና በትንሽ መረብ የሚያዘው ዓሣ ይበቃ እንደ ነበረ፣ አሁን ግን ነጭ ዓሣው በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ በተዘረጋ መረብ እንደሚጠለፍ ነገረኝ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእነዚህ ዓሦች ውስጥ ከ10 በላይ የሚሆኑት ዝርያዎች በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም፤ እንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች ዓሣ ደግሞ ከነዘሯ ጠፋች ማለት ነው።

ጥር 22፣ የድንጋዩ ሕንጻና የታንኳ ሠሪዎቹ መንደር

ጠዋት ከጊዮርጊስ በር ላይ የአብነት ተማሪዎች ተሰብስበው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ወደ ሰፈሩ ሲበታተኑ አገኘኋቸው። ለምዳቸውን የደረቡ፣ ኮሮጇቸውን በትከሻቸው ያንጠለጠሉ ልጆች ናቸው። አንዱን ከየት እንደ መጣ ብጠይቀው ከመርጡ ለማርያም አለኝ፤ ቅኔ ለመማር አገሩን ጥሎ ከወጣ ቆይቷል።

በቅጥሩ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ባለ ሁለት ደርብ አሮጌ ሕንጻ አለ። ሕንጻውን ሠራው የሚባለው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ፓኤዝ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ቤተ መንግሥቱ ቀርቦ በ1618 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይን ያየና በ1622 እ.ኤ.አ. ጎርጎራ ላይ ያረፈ ሰው ነው። ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በመቀበሉ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ፣ ፋሲልም ሚሲዮናውያኑን አስወጣ። እንግዲህ የተባረሩት ሰዎች ሕንጻ እስከ ዛሬ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሞ ይኖራል። የደብሩ ሰዎች አላፈረሱትም። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ሕንጻው ያን ጊዜ ያለ ተንከባካቢ ነበር። ግድግዳውን በእጄ ስዳስሰው ኖራው እየተፈረፈረ በጣቴ ቀረ፤ በስንጥቆቹ ውስጥ የበቀለው ሣር ሥሩን ወደ ውስጥ ሰድዷል፤ በክረምት ውኃ የሚገባውም በዚያው ነው። ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ተሠራ የሚናገር ጽሑፍ በአጠገቡ አላየሁም። የጎንደር ግንቦች ከመሠራታቸው በፊት በጣና ዙሪያ በኖራ ከተገነቡት ጥቂት ሕንጻዎች አንዱ ሆኖ ሳለ አላፊ አግዳሚው የዕቃ ቤት አድርጎ ያየዋል። ደሴ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ለማቆየት የተደከመውን ድካም ስለማውቅ፣ እዚህም ቢያንስ ሣሩን ነቅሎ ጣሪያውን የሚሸፍን ሰው መታጣቱ አንገበገበኝ። አብረውኝ የቆሙት ዲያቆን «እኛ እንጠብቀዋለን እንጂ መጠገን የባለሙያ ሥራ ነው፤ በጭቃ ብንለጥፈው እናበላሸዋለን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ከዚያ በዳርቻው በእግሬ ወደ ታንኳ ሠሪዎቹ ሄድሁ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከጥንት ጀምሮ በዚህ ሐይቅ ዳር የኖረ ሕዝብ ነው። በቀደመው ዘመን ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ዛሬ ታንኳ በመሥራት፣ የወፍጮ ድንጋይ በመጥረብ፣ ሰፌድና ቅርጫት በመስፋት ይተዳደራሉ። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፤ አሮጌው ሰፈር የቤተ ክርስቲያን ደወልና አዛን አብረው የሚሰሙበት የሆነውም አንድም በእነርሱ ነው። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ይናገራሉ።

አንድ ሠሪ ሥራ ላይ አገኘሁ፤ እንዳይ ፈቀደልኝ። አረንጓዴ ሳለ ታጭዶ ፀሐይ ላይ የሰነበተው ደንገል በእስር በእስር ተደርድሯል። ሰውየው ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት መሬት ላይ አጋድሞ፣ በእርሱ ላይ ደንገሉን ወፍራም ሥሩን ወደ ኋላ፣ ቀጭን ጫፉን ወደ ፊት እያደረገ ያጋድማል። እያንዳንዱን እስር በእግሩ ጣቶች ረግጦ፣ በውኃ የራሰውን ልጥ በጥርሱ ይዞ በሁለት እጁ ሲያጠብቀው ደንገሉ ሲጨመቅ የሚያሰማው ድምፅ ይሰማል። ልጡ ደርቆ ሲኮማተር ቋጠሮው የበለጠ ስለሚጠብቅ እርጥብ ሆኖ መታሰሩ ግድ ነው። መጨረሻ ላይ ፊተኛውን ጫፍ ሽቅብ ጎትቶ ያጎብጠውና ቀስ እያለ በገመድ ይወጥረዋል፤ ታንኳው ማዕበሉን የሚሰነጥቀው በዚህ ነው። ውስጡ ላይ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፋል፤ ቀዛፊው ከውኃው ከፍ ብሎ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ እንዲህም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። የትንሹ ዋጋ 400 ብር ነው አለኝ።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. «ራ» በተባለ የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር። የመጀመሪያው ጀልባ ከመድረሱ በፊት ተበታተነ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የተነሣው ሁለተኛው ግን ከሞሮኮ ተነሥቶ ባርቤዶስ ደረሰ። ይህን ለሠሪው ስነግረው ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማኝና ጀልባው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ከበደ ጠየቀኝ። የሠሪ ጥያቄ ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነበር። ደንገሉ ዱሮ ከቤቱ ፊት ለፊት ይታጨድ እንደ ነበረ፣ አሁን ግን ዳርቻው ለሕንጻና ለእርሻ እየተመነጠረ ስለ ሆነ ራቅ ወዳለ ቦታ በጀልባ ሄዶ እንደሚያመጣ ነገረኝ። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታየው፣ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም አለ። ደንገል ለታንኳ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ከማሳ የሚታጠበውን ደለል አጣርቶ የሚያስቀር፣ የዓሣ ጫጩት የሚያድግበት፣ ወፍ የምትጥልበት ነው። ዳርቻው ደንገሉን ሲያጣ ታንኳ ሠሪውም ዓሣ አስጋሪውም አብረው ይጎዳሉ፤ የትናንቱ የዓሣ ነጋዴና የዛሬው ሠሪ ሳይተዋወቁ ያወሩኝ አንድ ወሬ ነበር።

ማታ እማማ ቤት ዓርብ ስለ ሆነ በጾም ተመገብን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባሕር ዳር ውስጥ በየቤቱ አለ። እማማ ግን «ነፍስ ያለውን ነገር ምን አከራከረን» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ጥር 23፣ ጊዮርጊስና ቅዳሜ ገበያ

ቅዳሴው እንዳለቀ ከጊዮርጊስ አፀድ የወጣው ሰው ግማሹ ቀጥታ ወደ ገበያ ሄደ። ነጠላው ሳይወርድ ቅርጫት ይያዛል። እኔም ተከተልሁ።

የባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ እንደ ደሴ ሰኞ ገበያ አገር የሚገናኝበት ነው። ከምዕራብ ጎጃም በርበሬና ማር፣ ከዘጌ ቡናና ጌሾ፣ ከሐይቁ ማዶ ሩዝ ይመጣል። የዘጌ ቡና ኪሎው 110 ብር፣ ጌሾ 40፣ ነጭ ማር 180 ብር ነበር። የስፌቱ ረድፍ ጋ ብዙ ቆየሁ። የወሎ ሴት ስፌት አይታ አትጠግብምና የእጁን ጥራት ለማየት አንድ ሙዳይ አንሥቼ ገለበጥሁት፤ ጥሩ ስፌት ከውስጡ ይታወቃልና። አክርማው ተቀጥፎ፣ ጫፉ ተሸሽጎ፣ ከውጭ የሚታየው አበባ ከውስጥም ያው ሆኖ አገኘሁት። ሻጯ 150 ጠራች፤ እኔ 100 ብዬ ጀመርሁ። «እታለም፣ ሁለት ሳምንት ዓይኔን ያጠፋሁበት ነው፤ በእኔ ላይ አትጨክኚ» ስትለኝ 130 ከፍዬ ወሰድሁት። ሁለት ሳምንት የፈጀ ሥራ በዚያ ዋጋ መሸጡ አሁንም ያሳዝነኛል፤ አጠገቡ የተደረደረው የፕላስቲክ ዕቃ ግን 35 ብር ነበር።

ጥር የሠርግ ወር ስለ ሆነ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ዳር በሙሽሮች ተሞላ። መኪናዎቹ ጥሩንባ እየነፉ በዘንባባዎቹ ሥር ይመላለሳሉ፤ ሚዜዎቹ ውኃው ዳር ይጨፍራሉ።

ማታ የእማማ ታናሽ ልጅ ወደ አንድ አዝማሪ ቤት ወሰደኝ። አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኝቶ እንግዶቹን በየተራ ከየት እንደ መጡ ይጠይቅ ነበር። ከደሴ መሆኔን ሲሰማ ሳልጠይቀው አምባሰልን ከፈተ፤ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከእኛ አገር ነውና። ከዚያም የደሴውን የጦሳን ተራራ አንሥቶ እንዲህ አለኝ፦

የጦሳ ብርድማ መች ይለቃል ገላ፣
ጣና ዳር ሙቂበት ከእንግዲህ በኋላ።

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ግንባሩ ላይ 50 ብር ለጠፍሁለት። ለእያንዳንዱ ሰው በዚያው ቅጽበት የተገጠመ፣ ድጋሚ የማይመጣ ግጥም ነው፤ በቀን በጊዮርጊስ ቅጥር ተማሪው በግእዝ የሚደክምበትን ሥራ ማታ አዝማሪው በአማርኛ ይሠራዋል።

ጥር 24፣ ዘጌ

የሕዝቡ ጀልባ የሚነሣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነበር፤ ዋጋው ያን ጊዜ 45 ብር ነበር። የግል ጀልባ የጠየቁኝ 900 ብር ነበር፤ ከሕዝቡ ጋር መሄድ ግን በዋጋ ብቻ ሳይሆን በወሬም ይሻላል። ጀልባዋ ከሰው በተጨማሪ የቢራ ሳጥን፣ ቆርቆሮና ሁለት ዶሮ ይዛለች። በመንገዳችን ሴት የማይገባበትን ክብራን ገብርኤልንና አጠገቡ ያለውን እንጦስ ኢየሱስን አልፈን ሄድን። ክብራንን ከውኃው ላይ ሆኜ ተሳልሜ አለፍሁ፤ በዚህስ የሐይቅ ልጅ በመሆኔ ልምድ አለኝ።

ዘጌ መሬቱ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም። ትውፊቱ ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ሲተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፣ ሕዝቡም በእነዚህ ብቻ እንዲኖር ታዘዘ ይላል። ትእዛዙን ማንም በምንም ይተርጉመው፣ ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ ባሕረ ገብ ምድሩ በሙሉ ትልልቅ የአገር ዛፎች ያሉበት ደን ነው፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ደግሞ ቡናው ይበቅላል። የቡና ለቀማው ወቅት ስለ ነበር በየግቢው ምንጣፍ ላይ የተሰጣውን ቀይ ቡና ሴቶች በእጃቸው ያገላብጡ ነበር።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት የደረስሁት በደኑ ውስጥ በእግር ነው። መግቢያ ለአገር ሰው 50 ብር ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሲሆን በቅኔ ማኅሌቱ በኩል ገብተን ቅድስቱ ላይ ስንቆም የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቶ ይታያል። ሥዕሉ የተሣለው በጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ብዙ ሰዓት ያቆመኝ የበላኤ ሰብእ ታሪክ ነው። 78 ነፍስ የበላው ሰው ስለ እመቤታችን ስም ለአንድ ለተጠማ ድኻ ጥርኝ ውኃ ያጠጣል፤ በፍርድ ቀን ነፍሱ ስትመዘን ኃጢአቱ በአንደኛው ሚዛን፣ ጥርኝ ውኃው በሌላው ይቀመጣል። ሠዓሊው ድኻውን ሁለት ዓይኑ የሚታይ አድርጎ ወደ ተመልካቹ አዙሮታል፤ ሰይጣኖቹ ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ ይህ የክፉና የደጉ መለያ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የቆየ ሕግ ነው። ወደ ታች በኩል፣ የሰው ትከሻ በሚደርስበት ከፍታ፣ ቀለሙ በስንት ትውልድ መደገፍና መሳለም ተልጦ የጨርቁ ድርና ማግ ይታያል። ከአጠገቤ አንዲት ባልቴት መጥተው ግንባራቸውን በዚያው በተላጠው ቦታ ላይ አሳረፉ።

ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። ከክብራን ጥቂት አለፍ እንዳልን የጀልባዋ ሞተር ተንተባትቦ ቆመ። ማዕበሉ ጀልባዋን ጎን ለጎን ሲያንገላታት ዶሮዋ ስትጮኽ፣ ሴቶቹ «ገብርኤል!» ሲሉ፣ እኔም ዋና የማላውቀዋ የደጋ ልጅ የጀልባዋን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጌ ያዝሁ። በዚህ መካከል እንጨት የጫነ አንድ ታንኳ ቀዛፊ በማዕበሉ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ሁለት ጫፍ ባለው ቀዘፋው ረጋ ብሎ እየቀዘፈ በአጠገባችን አለፈ፤ «አይዟችሁ፣ ነፋሱ ወደ ከተማው ነው የሚወስዳችሁ» ብሎን ሄደ። ሞተረኛው የነዳጁን ቱቦ አጽድቶ ሞተሩን እስኪያስነሣ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ ነፋሱም እንዳለው ወደ ከተማው ወስዶን ነበር።

ጥር 25፣ መመለስ

የመልስ ጉዞው ያለ ችግር ስለ ሆነ የምለው የለም። ጢስ ዓባይን አላየሁም። በበጋ ውኃው ስለሚቀንስና በ2002 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከሐይቁ ውኃ ስለሚወስድ፣ ፏፏቴውን ማየት የሚሻ ሰው ከነሐሴ እስከ መስከረም ቢሄድ ይሻለዋል።

አሮጌውን ሰፈር ለማየት የሚያስብ ግን ቅዳሜን ያካተተ ጉዞ ይያዝ። የድንጋዩን ሕንጻ ለማየት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሄዶ የደብሩን አገልጋዮች ያስፈቅድ። ታንኳ ሠሪዎቹ የሚሠሩት በጠዋት ነው፤ ፎቶ ከማንሣት በፊት መጠየቅና ለፈጀው ጊዜ መክፈል ይገባል። የዘጌን የሕዝብ ጀልባ የሚፈልግ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ወደቡ ላይ ይገኝ። ከዘጌ ሲመለስ ደግሞ ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት፣ እስከ 6 ሰዓት ድረስ፣ ቢሳፈር መልካም ነው። ቡናውን ከሱቅ ከመግዛት እዚያው ዘጌ ከአምራቹ እጅ መግዛት ይሻላል፤ እኔ በ95 ብር አግኝቼዋለሁ፣ ገንዘቡም በቀጥታ ለቀማውን ለሠሩት ሴቶች ይደርሳል።